ሳትጠፋ የቆየች መስመር

መልከጼዴቅ ባሕር ማዶ፣ ስካይቪው ራንች በሚባል ሰፈር ካለው ቤቱ ቤዝመንት ሆኖ የአንድ የጭነት ድርጅት ሰርቨሮችን ይንከባከባል። ድሮ ሰርቨር በእጅ ይዘጋጅ ነበር፤ አሁን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ነው። የመልከጼዴቅ ድርሻ ለፕሮግራሙ የሚነገረውን አድራሻና የይለፍ ቃል በየፋይሉ ከተበተነበት ሰብስቦ ቦታ ቦታውን ማስያዝ ነው። ለሁሉም የሚሆነው የጋራው ፋይል ውስጥ ይገባል፤ የአንዱ ሰርቨር ብቻ የሆነው በራሱ ፋይል ይቀመጣል። ሁለቱ ከተጋጩ በራሱ ፋይል ውስጥ ያለው ይጸናል።

ይህ ሥራ ግን አላልቅ ብሏል። ሙከራው በወደቀ ቁጥር ለአለቃው "ስህተቱን እየፈለግኩ ነው" ይላል። ውሸቱን ነው። በአንዱ ሰርቨር ፋይል ውስጥ የተረሳች አሮጌ አድራሻ አዲሱን የጋራ አድራሻ እየሻረች እንደሆነ ካወቀ ሰንብቷል። አልነካትም።

ምክንያቱ እናቱ ናት። አዲስ አበባ ያለችው እህቱ እሁድ በደወለ ቁጥር ስልኩን ለእናታቸው ታቀብል ነበር፤ ሰሞኑን መልሷ "ተኝታለች" ብቻ ሆኗል። ከዚያ እሱ ባለበት ከተማ ያለው የሐበሾች እድር ሊቀመንበር ጋሼ ተድላ፣ ሰርቨር ይብሉት ይጠጡት የማያውቁት ሰውዬ፣ ደወሉለት።

"ልጄ፣ ያ ዲፕሎይ የምታደርገው ነገር መቼ ነው የሚያልቀው? እንዲያው... ፍሪ የምትሆነው መቼ ነው ብዬ ነው።"

ፕሮግራሙን ሥራ ላይ ማዋል ማለት የሆነውን "ዲፕሎይ" ያስጠናቻቸው የመልከጼዴቅ ሚስት ጥሩወርቅ መሆን አለባት። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኛ ሰው ምስጢር ግን ብቅልም አያስፈልገው! እናቱ እንደሞተችና መርዶው ሥራው እስኪያልቅ እንደተያዘለት መልከጼዴቅ ያን ጊዜ ገባው። ስለዚህ ሥራው አያልቅም። አላለቀሰም። ልቡ ሐኪም ያደነዘዘው ጥርስ ሆኖበታል፤ ቢነካካው አይሰማውም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቆሻሻ ሊያወጣ በጋራዡ በኩል ብቅ ሲል ጥሩወርቅ ከሥራ ተመልሳ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች። ሞተሩ ጠፍቷል። ድምፅዋ እንዳይሰማ ሻርፗን በአፏ ነክሳ ታለቅሳለች። አማቷን "እማዬ" ነበር የምትላት። ለእሱ ተብሎ የተደበቀውን ሐዘን ብቻዋን ተሸክማ፣ ማታ ማታ እየሳቀች ራት ስታቀርብለት ኖራለች። መልከጼዴቅ አፈረ። ከሰነበተበት ድንዛዜ ውስጥ የተሰማው የመጀመሪያ ነገር ይኸው እፍረት ነው።

ሳታየው ተመልሶ ወረደና አሮጌዋን አድራሻ የያዘችውን መስመር አጠፋት። ፕሮግራሙን አስነሳው። ሰርቨሮቹ ተራ በተራ አረንጓዴ አበሩ። ለአለቃው አለቀ ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ስልኩን አነሳ።

መርዶ ሊያረዱ የሚመጡ ሰዎች ባለሐዘኑ ቀድሞ እንዳይጠረጥር መኪናቸውን ከቤቱ ጀርባ ነው የሚያቆሙት። ፓይንሪጅ በሚባለው ሰፈር አምላኩ ለሚባል ወዳጁ የአባቱ ሞት ሲነገረው መልከጼዴቅም ራሱ እንደዚያ አድርጓል።

"ጋሼ ተድላ፣ ሥራው አልቋል።"

"ጎሽ ልጄ። ነገ ጠዋት... ቤት ትኖራለህ?"

"እኖራለሁ። ደግሞ ጋሼ፣ በረዶ ነው፤ ከጀርባ መንገድ በእግርዎ አይምጡ። በሩ ላይ ፓርክ ያድርጉ።"