ሆዴ ውስጥ ያለ እንግዳ

ከነቀምቴ የወጣሁ ዕለት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ማሰሮ ታቅፋ ቆማ ነበር። ማሰሮው ውስጥ እርጥብ አሸዋ፣ አሸዋው ውስጥ ኢንሱሊኔ። ቤታችን ያለበት አንገር ጉቲን ቆላ ነው፣ ፍሪጅ የለን፤ ስኳር ከያዘኝ ከልጅነቴ ጀምሮ መድኃኒቴን ያቆየችልኝ እንዲህ ነው። የነቀምቴ አከራዬ አዴ ጫልቱ፣ "ነጋን ገሊ፣ ኢንተላ ኮ! በሰላም ግቢ ልጄ!" እያሉ ያለቅሳሉ። እናቴ ግን ማሰሮውን ይዘሽ ካልሄድሽ ብላ ሙጭጭ!

"እማዬ፣ ስዊድን እኮ አገሩ ራሱ ፍሪጅ ነው" ብላት መች ሰምታኝ!

ሁለት ዓመት ተምሬ ልመለስ ነበር። ኩላሊቴ ከዳኝና ቀረሁ።

እዚህ ከሞተ ሰው ኩላሊትና ቆሽት ወስደው ተከሉልኝ። አዲሱ ቆሽት ኢንሱሊኑን ራሱ ስለሚያመነጭ መወጋቴም ቀረ። "ወጣት ወንድ ነው" አሉኝ፤ ስሙን ስጠይቅ "በሕግ አይነገርም"። እኛ ዘንድ የሩቅ ጎረቤት እንኳ ሲሞት ለቅሶ ይደረሳል። እኔ ቆሽቱን ተሸክሜ ለቅሶውን አልደረስኩም። ወሏሂ እፈራዋለሁ። ስታጠብ ጠባሳውን ላለማየት ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ባለፈው የደም ምርመራዬ ተበላሸ። ሐኪሟ፣ ሰውነትሽ ቆሽቱን እንደ ባዕድ እየገፋው ይሆናል፣ ከገፋው ወደ ኢንሱሊን መመለስሽ ነው አለችኝ። ለማወቅ በመርፌ ከቆሽቱ ቅንጣት መውሰድ አለባቸው፤ ባዮፕሲ ይሉታል።

"አስተማማኝ ነው። መርፌው የሚሄድበትን በአልትራሳውንድ እያየን ነው የምንወጋው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቂ ናሙና እናገኛለን።"

"እሺ።"

"ግን ሊደማ ይችላል። አንጀት ሊነካ ይችላል። አልፎ አልፎ ቆሽቱን ልናጣው እንችላለን። እዚህ ጋ ፈርሚ። አትጨነቂ።"

"ይሄን ሁሉ ጉድ ዘርዝረሽ አትጨነቂ? እኛ አገር እኮ ቢያንስ 'አላህ ያውቃል' ይጨመርበታል።"

"እሱ ፎርሙ ላይ የለም" አለችኝ፣ ፈገግም ሳትል።

ቆዳዬን አደነዘዙት። ስክሪኑ ላይ መርፌው ነጭ መስመር ሆኖ ወደ እሱ ሲወርድ አየሁ። ሐኪሟ፣ "ቆሽቱ ምንም አይሰማውም፤ ሲተከል ነርቩ ተቆርጧል" አለች። መርፌው ጠቅ አለ። ለካ ስጠብቅ የኖርኩት የእሱን ጩኸት ነው።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። መግፋት ጀምሯል፤ ግን በጊዜ ስለተደረሰበት በመድኃኒት ይመለሳል አሉኝ። ስለ መርፌው ነግሬያት ስለነበር ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ይተርፋል።"

"አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!" ቀጥላም፣ "ሲወጉት አመመው?" አለችኝ።

"ማንን?"

"ልጁን ነዋ።"



"አላመመውም፣ እማዬ።"

"እሰይ። እንግዲያ ለእናቱ ንገሪልኝ። ይሄኔ ተጨንቃለች።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት አጠገቤ በተቀመጠች ቁጥር፣ እናቱ ትሆን ይሆናል ብዬ፣ አላመመውም ልላት አፌን እከፍታለሁ። ሳልነግራት ፌርማታዬ ይደርስና እወርዳለሁ።