ዛሬ አላነብም

ሀርጌሳ ውስጥ ከቀትር በፊት ያላለቀ ጉዳይ ለነገ ነው። ጫት ከገባ ወዲያ ወንዱ ሁሉ ወደ በርጫው ስለሚሄድ ሆስፒታላችን ጠዋት ጠዋት እንደ እሳት አደጋ ይሯሯጣል። ከታካሚ ገላ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ አይቼ ካንሰር ነው፣ አይደለም የምለው ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ። የደሙም፣ የሽንቱም፣ የተበላሸው ማሽንም ጣጣ እኔው ላይ ነው። "የላብራቶሪ ሐኪም ምን ያደክማታል? ቁጭ ብላ!" ይሉኛል። አቦ፣ እስቲ እነሱ ቁጭ ብለው ይዩት!

ያን ቀን ከገጠር የመጣች ሴት የጡት ናሙና ማየት ጀመርኩ። አየሁ። ደግሜ አየሁ። ምን አየሽ ብዬ ራሴን ስጠይቅ ግን የሚታየኝ የናሙናው ማቅለሚያ ሐምራዊ ቀለም ብቻ ነው። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ከተጠናወተኝ ወራት አልፈዋል፤ እንዲህ ግን ሆኜ አላውቅም። ፈራሁ። ማይክሮስኮፑን አጥፍቼ ሸፈንኩት።

የሆስፒታሉ ባለቤት ራሱ ቀዶ ሐኪም ነው፤ እንደ እኔው ድሬዳዋ ያደገ። ሠራተኛው እንዳይሰማን የምንጣላው በአማርኛ ነው።

"የሴትየዋ ወንድሞች ውጭ ቆመዋል" አለኝ። እዚህ ሴት ለቀዶ ጥገና ስትገባ የሚፈርምላት ወንድ ነው። "ጫት ሳይገባ ፈርመው መሄድ ይፈልጋሉ። ካንሰር ነው በይኝና እንገላገል።"

"ነገ ጠዋት።"

"እኔ እኮ ገና ስዳስሰው አውቄዋለሁ!"

"ካወቅከው እኔን ምን አደረግኸኝ? አንተው ጻፈው።"

"ይሄ ስንፍና ነው።"

"ስንፍና በለው። ወላሂ፣ ዛሬ አላነብም!"

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ወንድሞቿ ገላመጡኝ። ባጃጅ ይዤ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ካለው ቤቴ ገባሁና ስልኬን ዘግቼ በጠራራ ፀሐይ ለጥ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ተረጋግቼ አየሁት። ካንሰር ነበር። ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም።

"ይኸው!" አለ ባለቤቱ። "ትናንት ብትዪው ምን ነበረበት?"

"ትናንት ብናገር ኖሮ ግምት ይሆን ነበር። በግምት የሰው ጡት አይቆረጥም። ከእንግዲህም ዓይኔ ሲደክም እሸፍነዋለሁ። ካልጣመህ ሌላ ሐኪም ፈልግ።"

ሌላ ሐኪም ከየት ያመጣል!

ከዚያ አብረን ወደ ሴትየዋ ክፍል ሄድን። ወንድሞቿ አልጋዋን ከበው፣ እሷ የሌለች ይመስል ስለ እሷ እኔን ይጠይቁኛል። በመሀል አቋረጠቻቸው።

"ያየሽው አንቺ ራስሽ ነሽ?" አለችኝ በሶማሊኛ።

"እኔው ነኝ።"

"በደንብ አየሽው?"

ዓይን ዓይኗን እያየሁ "በደንብ አይቼዋለሁ፣ እህቴ" አልኳት።

ወደ ወንድሞቿ ዞረች።

"እንግዲያው ፈርሙ" አለቻቸው።