ኔትወርክ ነው ብዬ የሰቀልኩት ሰሌዳ

ያለፈው እሑድ ጠዋት ልብስ እየዘፈዘፍኩ ስልኬ ጠራ... አረብ አገር ያለችው የአክስቴ ልጅ ስመኝ ናት። ገና ሃሎ ስላት ለቅሶ ጀመረች።

«እውነቱን ንገሪኝ... እማዬ ሞታለች አይደል?»

«ኧረ በስመ አብ! ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። እሑድ እሑድ ስደውል አትገኝም። አንቺን ብጠይቅሽ ‹ደህና ናት፣ አታስቢ› ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሰው ሲሞት እኮ ነው እንዲህ የሚባለው!»

እውነቷን ነው። እኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሩቅ ላለ ሰው እስኪመጣ ድረስ ይደበቃል። እኔ ግን ያንን የጻፍኩላት ሥራ በዝቶብኝ፣ ሳላጣራ ነበር። እሷ እዚያ የሰው ልጅ እያጠበች እንባዋን ስትውጥ ከርማለች።

«ዛሬውኑ አገናኝሻለሁ» ብዬ ምዬላት፣ ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትቼ ወጣሁ።

አክስቴ እትዬ አንጓች የሚኖሩት ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር ባለ መንደር ነው። ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለው ተረተር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያማቸውን ጉልበት እያሻሹ ሽቅብ ወጥተው የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። «ታመው ይሆን?» እያልኩ ስጨነቅ ደረስኩ።

ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከራሳቸው በላይ፣ ግድግዳው ላይ... የኔ ሰሌዳ። ዝናብ እንዳይመታው ከላዩ የማዳበሪያ ከረጢት ወጥረውለታል።

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ደግሞ ሜታሰርፌስ የሚባል አንቴና እየነደፍኩ ነው። ቀጭን ሰሌዳ ላይ ጥፍር የሚያህሉ የመዳብ ቁርጥራጮች ይደረደራሉ። መጠናቸው በልክ ከተመረጠ፣ የመጣባቸውን የሬዲዮ ሞገድ ወደተፈለገው አቅጣጫ ይመልሱታል። የኔው የተሠራው ለፋይቭ ጂ ነው። እዚያ መንደር ግን እንኳን ፋይቭ ጂ፣ ቱ ጂም በልመና ነው። ዝናብ በማያውቀው አገር አሸንዳ እንደመስቀል በሉት።

ታዲያ ለምን ሰቀልሽው አትሉም? ለፎቶ! አማካሪዬ «ለገጠር ያለውን ጥቅም አሳዪ» አለኝ፤ እኔም የአክስቴን የጭቃ ግድግዳ መረጥኩ። ፎቶዬን አንስቼ ስጣደፍ «ይኼ ምን ይሠራል ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። «ኔትወርክ ነው እትዬ!» አልኳቸውና ወደ መኪናው ሮጥኩ። ሌላ ቀን መጥቼ እወስደዋለሁ ብዬ ሰሌዳውን እዚያው ተውኩት።

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ ተረተሩ ላይ አልወጡም?»

«ምን ያወጣኛል? አንቺ እቤቴ ድረስ አምጥተሽልኝ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ጨለም አለ። «ልጄ ግን ጨከነችብኝ። ይኼን ከሰቀልሽልኝ ወዲህ አንድ ቀን አልደወለችም። ምን በድያት ይሆን እላለሁ...»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እትዬ... ሰሌዳው እዚህ አይሠራም። ለፎቶ ነበር የሰቀልኩት። ስመኝ ስትደውል ነው የከረመችው» አልኩ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። እሳቸውም ምርኩዛቸውን አነሱ።

ደግፌያቸው ወጣን። በየመሃሉ እየቆሙ ጉልበታቸውን ሲይዙ፣ «አይዞዎት» ለማለት እንኳ አፈርኩ። አናቱ ላይ ስንደርስ ለስመኝ ሚስኮል አደረግኩላት፤ ወዲያው መልሳ ደወለች። ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።

«ሃሎ፣ ልጄ?»

ከወዲያ ማዶ «እማዬ! አልሞትሽም?» የሚለው ጩኸት እኔም ጋ ደረሰ። እትዬ ደነገጡ።

«ኧረ አለሁልሽ! አለሁልሽ የኔ ዓለም! ማን ገደለኝ?» እያሉ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

ሁለቱም አልቅሰው ሲወጣላቸው፣ ስመኝ «ታዲያ የት ጠፍተሽ ነው?» ስትላቸው ሰማሁ። በቃ፣ ጉዴ ፈላ ብዬ አቀረቀርኩ።

«እህትሽማ እቤቴ ድረስ ኔትወርክ አምጥታልኝ ነበር» አሉ እትዬ። «እኔው ነኝ እንጂ አያያዙን ያላወቅኩበት። እሷን አደራ እንዳትቆጫት!»

እውነቱን ልናገር ስልኩን ልቀበላቸው ስል፣ እጄን ያዝ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቢሰድቡኝ ኖሮ እኮ እስካሁን ይወጣልኝ ነበር።