ግማሽ ሰው የሳለችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ ከቤቷ ስትወጣ ለራሷ፣ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ዛሬ ዝም በይ» አለች። የሟች እህቷን ልጅ ላሳድግ ብላ ጠይቃ፣ ጉዳዩን የያዘው የሕፃናት መሥሪያ ቤት መጀመሪያ በሥነ ልቦና ባለሙያ ተመርመሪ ብሏት ነው የምትሄደው። ልጅቱ ሰባት ዓመቷ ነው። እስኪወሰንላት ማሳደጊያ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ መጥታ ከአክስቷ ስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ ትላለች።

ባለሙያው ወጣት ነው። ፈገግ አለላት። ፈገግታውን አላመነችውም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀትና እርሳስ ብቻ አለ። እሱንም አላመነችውም።

«ሰው ይሳሉልኝ» አላት።

«የምን ሰው?»

«የፈለጉትን።»

‹የፈለጉትን ሲሉ ነው መፍራት› አለች በሆዷ። እሷ በዕድሜዋ ሰው ስትስል ለልብስ ነው። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችና ከእጥፉ ጀምራ አንገት፣ ትከሻ፣ ብብት፣ ወገብ አወረደች። ሰጠችው።

ወጣቱ ወረቀቱን አየ። እሷን አየ። ጻፈ።

«ጭንቅላቱስ?»

«ለጭንቅላት ምን ይሰፋለታል?»

ጻፈ።

«እጅ የለውም እኮ።»

«እጅጌው እዚህ ያልቃላ።»

«ለምን ግማሽ ሆነ?»

«ግማሹ ውስጥ ነው።»

ይሄን ጊዜ ብዙ ጻፈ።

በሩ ተከፈተና አንዲት ሸበቶ ባለሙያ ገባች። ወረቀቱን አንስታ አየችው።

«ምን አገኘህበት?»

«የደበቁት ነገር አለ፣ እትዬ። እጅ የሌለው ሰው ልጅ እንዴት ያቅፋል?»

«እኔ ደግሞ ጨርቅ የማታባክን ሴት ነው ያየሁት። አንድ ሥዕል፣ ሁለት ፍቺ! ታዲያ ያነበብነው የማንን ልብ ነው? የሷን ወይስ የራሳችንን?»

«ስንት ሰው የተመረመረበት ነው እኮ!»

«ስንት ሰውስ ተፈረደበት? ይልቅ ቅዳሜ ቤቷ እንሂድ።»

ልብስ ሰፊዋ ‹አንዱ ቆንጣጭ፣ አንዷ አባባይ ሆነው መጡብኝ› አለች። ቅዳሜ ቤቷን ሦስቴ ጠረገች። ልብስ የምትቆርጥባቸውን ግማሽ ግማሽ ወረቀቶች ሁሉ ሰብስባ አልጋ ሥር ከተተች።

መጡ። ወጣቱ ለልጅቱ ወረቀት ሰጣትና «ሰው ሳይልኝ» አላት። ልጅቱ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈች። አክስትየው ‹አለቀልኝ› አለች።

«ግማሹስ የት አለ?» አለ ወጣቱ።

ልጅቱ እንደ ሞኝ አየችው። «ውስጥ ነዋ!» መቀስ አነሳች፣ ቆረጠች፣ ዘረጋችው። ሁለት ትከሻ፣ ሁለት እጅጌ። ቀጥላ አልጋ ሥር ገባችና ወረቀቶቹን እየጎተተች ወጣች። «ይሄ ደሞ የኔ ቀሚስ ልክ ነው!»

ወጣቱ ተቀበላት። «እታች ለእጥፋት የተተወው ምነው እንዲህ ሰፋ?»

አክስትየው ካፏ አመለጣት፦ «ስታድግ እየፈታሁ የምለቅላት ነው። ለከርሞም፣ ለዚያ ለሚቀጥለውም።»

ወጣቱ እርሳሱን እንደያዘ ቀረ።

«ምነው? ይሄን አይጽፉትም?» አለችው።

ጻፈ። ሊሄዱ ሲነሱ ግን የጻፈውን ሳትሰማ ላታሳልፋቸው በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች። ሸበቶዋ ሳቀችና ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችላት፦ «ልጅቱ ከአክስቷ ጋር ትኑር።»

«ይድገሙልኝማ» አለች፣ ከበሩ ሳትነቃነቅ።