በባዶ ካርቶን የተያዘችው ክፍሌ

መርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ ከአንድ የፔርሙስ መደብር ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየሁት ለሥራዬ ነበር። ሥራዬ ሲነገር ያስቃል፤ ከሌሉ ዲስኮች ጋር እነጋገራለሁ። ኮምፒውተሩ ዲስክ አለኝ ብሎ ያምናል፣ ያለው ግን የዲስክ አምሳያ ነው፤ እውነተኛው ዲስክ ሌላ ማሽን ላይ ነው። እኔ የምጽፈው ላይብረሪ የሚባል የፕሮግራም ስብስብ ደግሞ የኮምፒውተሩ ሲስተም እምብርት ውስጥ ሳይገባ፣ ውጭ ሆኖ ያንን አምሳያ በቀጥታ ያዝዘዋል።

ይህን ለአከራዬ፣ ለፔርሙስ ነጋዴው አዛውንት፣ ባስረዳሁ ቁጥር በትዕግሥት ሰምተው «እሺ፣ ምንድነው የምትሸጠው?» ይሉኛል። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ስማ፣ የግቢው ኮሚቴ ዕቃው ያልታየ ሰው አናስቀምጥም ብሏል። ቅዳሜ መጥተው ያያሉ።»

«ጋሼ፣ የእኔ ዕቃ እኮ አይታይም።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

ደነገጥኩ። መስኮት ያላት፣ ኢንተርኔት የምትይዝ ክፍል መርካቶ ውስጥ ዳግም አላገኝም። አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ የነጋዴ መላ አመጡ። እኛ ሰፈር የላይኛው መደርደሪያ ላይ ባዶ ካርቶን ይደረደራል፣ ደንበኛ ሱቁ ሞልቷል እንዲል። ጋሼም ባዶ የፔርሙስ ካርቶኖች አሸክመው ክፍሌ ውስጥ አስደረደሩልኝ።

ቅዳሜ ኮሚቴው መጣ። አንደኛው ሰውዬ ካርቶኑን መታ መታ አደረጉት፤ ባዶነቱ ተሰማ። ጋሼ ግን ፍንክች አላሉም።

«ዕቃው ሌላ መጋዘን ነው ያለው። ይሄ ምልክቱ ነው። ሲጠየቅ ከዚያ ይመጣል፤ እናንተን ምን ቸገራችሁ?»

እኔ ሥራዬን ለማስረዳት ስንት ወር ለፍቼ ያልተሳካልኝን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ኮሚቴው ረክቶ ወጣ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሰኞ ጠዋት የጎረቤት ጫማ ነጋዴ ባዶ ካርቶኖቹን አሸክሞ መጣ። «ባዶ ካርቶን ማስቀመጥ ሙያህ ነው አሉ፤ የእኔንም አስቀምጥልኝ» አለኝ። ማክሰኞ ሌሎች ተከተሉት። ጋሼ ጎረቤትን እምቢ ማለት ነውር ነው ብለው አስገቡላቸው። መጀመሪያ ጠረጴዛዬ ወጣ፣ ቀጥሎ ወንበሬ።

አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። አሁን ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሩ ጋ ዱካ ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ። ክፍሏን አላጣኋትም፤ መግባት ብቻ ነው ያልቻልኩት።