«ቴሪፊክ» ብዬ አመስግኜ

«መምህር፣ ሽብር ነው ያልኸኝ?» አለኝ ከወረዳ የመጣው ካድሬ፣ ዛሬ ቡሬ ትምህርት ቤታችን ስብሰባ ላይ።

ንግግሩን ላደንቅ ብዬ በእንግሊዝኛ «ቴሪፊክ!» ማለቴ ነበር፤ እሱ ግን «ቴረር» ከሚለው ጋር አገናኘው።

«ኧረ ግሩም ማለት ነው!»

«መነሻውስ?» አለ ዓይኑን ሳይነቅል።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና መዋሸት አልቻልሁም። «ድሮ በላቲን... የሚያስፈራ ማለት ነበር።»

(በሆዴ ላቲንን ረገምሁ።)

የአማርኛው መምህር ጋሽ ታደለ ተነሡ። ልጅነታቸውን ቅኔ ቤት ያሳለፉ ናቸው። «ጌታው፣ የእኛም ግሩም በግእዝ የሚያስፈራ ማለት ነው። ፈጣሪን በቅዳሴ ግሩም ስንለው ማን ተሸበረ?»

ሁሉም ሳቀ፤ ካድሬውም ሳቀ። ስንወጣ ግን እጄን ጨብጦ ሳይለቅ፣ «ስምህን እስከ አያትህ ንገረኝ» አለ።

እናንተስ፣ ለምስጋና ብላችሁ የተጠረጠራችሁበት ቃል አለ?