ጋሽ ጆሮና የዝሆኗ ጥሪ

የዩኒቨርሲቲውን ትልቁን አዳራሽ ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰውዬ ቅጽል ስሙ ጋሽ ጆሮ ነው። ስሙ የወጣለት ድሮ፣ ማይክ ላይ ትንኝ ብታርፍ እንኳ ሰምቶ ከወንበሩ ብድግ ስለሚል ነው። ዛሬ ግን እሱና ስሙ ሆድና ጀርባ ሆነዋል። ቀረብ ብለው ጮክ ካላሉለት በቀር አይሰማም።

ይህን የምታውቀው ባለቤቱ ብቻ ነች። «ሬዲዮኑን ለሰፈሩ ነው እንዴ የከፈትከው?» እያለች ስትቀልድበት ቆይታ፣ ነገሩ ሲገባት ቀልዱን ተወች። መተዋ ይበልጥ አስፈራው። ለአለቃው ቢናገር የሚጠብቀው ወደ ወንበርና ጠረጴዛ መጋዘን መዛወር ነው፤ አዳራሹን ቁልቁል ከምታሳየው የመስታወት ክፍል ወጥቶ ደግሞ ምን ሊሆን? ዕድሜውን የፈጀው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

እናም ዘዴ ፈጠረ። ጆሮው ሲለግምበት በዓይኑ መስማት ጀመረ። የኋላ ረድፍ ሰዎች አንገታቸውን ካሰገጉ ድምፁ አንሷል፣ ከፍ ያደርጋል፤ ፊታቸውን ካጨማደዱ በዝቷል፣ ዝቅ ያደርጋል። ዘዴው እስከዚያ ቀን ድረስ አላሳፈረውም።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ለሕዝብ በሚያዘጋጀው መድረክ ላይ ተናጋሪዋ አንዲት የዝሆን ተመራማሪ ነበረች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሽ ጆሮ ከመስታወቱ ጀርባ ስክሪኑን ያያል፦ የዝሆን መንጋ፣ አቧራ፣ ከዚያ ስክሪኑን የሞላ አንድ የዝሆን እግር። ከሥሩ «ዝሆን በእግሩም ይሰማል» የሚል ጽሑፍ አለ። መልሶ አነበበው።

ተመራማሪዋ ቀጥላ የተናገረችውን እሱ አልሰማም። ያለችው እንዲህ ነበር፤ «አሁን የማጫውትላችሁ አንዲት እናት ዝሆን ለራቀች ልጇ ያሰማችውን ጥሪ ነው። ድምፁ በጣም ወፍራም ስለሆነ የሰው ጆሮ አይሰማውም። እስቲ ሞክሩት።» ሕዝቡም፣ የሰው ነገር፣ አይሰማም የተባለውን ለመስማት አንድ ላይ አንገቱን አሰገገ።

ጋሽ ጆሮ ክው አለ። የመሣሪያው መብራት ድምፅ አለ ይላል፤ አዳራሹ ግን አልሰማሁም እያለ ነው። ከፍ አደረገ። አንገቶቹ ይበልጥ ተሰገጉ። «ዛሬስ ጉዴ ፈላ» አለና መቆጣጠሪያውን እስከ ጥግ ገፋው።

ያኔ ወለሉ ነዘረው። በተናጋሪዋ ጠረጴዛ ላይ ያለው ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከጫማው ሥር የተነሳ ነገር በጉልበቱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ። ቁልቁል ሲያይ ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እርስ በርስ ይተያያሉ። እናት ልጇን እየጠራች ነው። አይታይም፣ በጆሮም አይሰማም፣ ግን አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ጋሽ ጆሮ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያን ሁሉ ዘመን ከድምፅ ጋር ሲኖር እንዲህ ያለ ድምፅ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር። እሱ የማይሰማውን ማንም ያልሰማበት፣ ሌላውን የተሰማው ሁሉ እሱንም የተሰማበት ቀን ቢኖር ይህ ነው።

ሰዉ ሲበተን ተመራማሪዋ ከአለቃው፣ ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ወደ ክፍሉ መጣች። ከመገረሟ ብዛት ትጮኻለች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰው እንደማይሰማው ላሳይ ብቻ ነበር! የትም ተናግሬ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከፍ ማድረግ እንዳለብዎ እንዴት አወቁ?»

«ጋሽ ጆሮ እኮ ናቸው!» አለች ኃላፊዋ በኩራት።

ፈገግ ብሎ ዝም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን የእናቲቱ ጥሪ ገና ከጉልበቱ አልወጣም፤ እሱን ይዞ መዋሸት አቃተው።

«ተሳስቼ ነው» አለ። «ሰው አንገቱን ሲያሰግግ አይቼ። ጆሮዬ ከከዳኝ ቆየ፤ የምሠራው በዓይኔ ነው።»

ኃላፊዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ ከንፈሯን እንዲያይላት ቀስ ብላ ተናገረች።

«ከጎንዎ የሚሰማ ሰው እናስቀምጣለን። ክፍሉ የእርስዎ ነው።» ቀጥላም ጠየቀችው፤ «የዝሆኗንም አልሰሙትም?»

ጋሽ ጆሮ ጫማውን አየ።

«እሷንማ ሰማኋት» አለ።